ከስብራቱ በታች ያለው ምት

(በጥር ወር፣ በጎረቤታቸው በዘለቀ ልጅ ሠርግ ማግስት፣ ረፋድ ላይ። ወጌሻዋ ደብሪቱ የቤቷን በር ዘግታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ልጇ ደመላሽ ዱላውን እንደ ያዘ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ ደመላሽ ትናንት በሠርጉ ዳስ ውስጥ እጁን የሰበረው አዝማሪ ሙላት ከውስጥ መደብ ላይ ተኝቶ ያቃስታል።)

ደመላሽ፦ አታሺውም ብያለሁ እማዬ፣ አታሺውም። እጁ እንደ ተጣመመ ይድረቅ።

ደብሪቱ፦ አንተ ስትሰብር ማንን አስፈቀድህ? እኔም ስጠግን ማንንም አላስፈቅድም።

ደመላሽ፦ እንግዲያው አጣመሽ ጠግኚው። መሰንቆ የማይዝ እጅ አድርገሽ ስጪው። ያን ጊዜ ቅቤውንም ሸምበቆውንም ራሴ አቀርብልሻለሁ።

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ ዱላህን አስቀምጥና አናግረኝ።

ደመላሽ፦ ዱላዬ ምን አደረገሽ?

ደብሪቱ፦ ጫፉ ላይ የሰው ደም አለ። የሰው ደም ይዞ እናቱ ደጅ የሚቆም ልጅ አልወለድሁም።

ደመላሽ፦ ደም አያውቅም ተብዬ አይደል የተሰደብሁት? እንግዲህ አወቅሁ። የሰደቡኝ ይዩት።

ደብሪቱ፦ ለምን እንዳስጠራሁህ ታውቃለህ?

ደመላሽ፦ ልትረግሚኝ ነዋ።

ደብሪቱ፦ እርግማኑስ አይቀርብህም ነበር፤ ጊዜ አጣሁ እንጂ። ያስጠራሁህ ክንድህን ፈልጌ ነው።

ደመላሽ፦ ክንዴን?

ደብሪቱ፦ የአጥንቱ ጫፍ ተንሸራቶ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። እኔ እጁን ስስበው በብብቱ ገብቶ ጠምዶ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል። ጎረምሳ ከሆንህ ጀምሮ በሽተኛ የምትይዝልኝ አንተ ነህ።

ደመላሽ፦ ሰው ጠፋ? አገሩ ሙሉ ወንድ አይደለም እንዴ?

ደብሪቱ፦ ወንዱማ ሞልቷል። አላምረውን ላክሁበት፣ ወገቤን አመመኝ አለ። ወንድሙን አስጠራሁት፣ በሬ ጠፍቶበት ፍለጋ ወጥቷል አሉኝ፤ በሬው እዚያ ማሳው ላይ ይግጣል፣ ዞር ብለህ እየው። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አድርሱልኝ ብል የሚሸከም አጣሁ። ሁሉም አንተን ፈርቶ ነው።

ደመላሽ፦ እሰይ። ትናንት የሳቁትን ያህል ዛሬ ይፍሩ።

ደብሪቱ፦ መፈራት እንዲህ ከጣመህ፣ እሱ እስኪሞት ብዙ አትጠብቅም፤ ቅርብ ነው።

ደመላሽ፦ በእጅ ስብራት የሞተ ሰው አላየሁም።

ደብሪቱ፦ እኔ አይቻለሁ። ወጌሻ የሚዳስሰው ስብራቱን ብቻ አይደለም። ከስብራቱ በታች፣ እዚህ አውራ ጣቱ ሥር፣ የደም ሥሩ ይመታ እንደሆነ ያዳምጣል። ሌሊቱን ደህና ሲመታ አደረ። ሲነጋ ደከመ። አሁን አንዴ ይመታል፣ አንዴ ድምፁ ይጠፋል። የወጣው አጥንት ተጭኖታል። ምቱ ከቀረ እጁ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል።

ደመላሽ፦ እኔን ሲመታኝ ያልደከመ ሰውዬ አሁን ደከመው?

ደብሪቱ፦ ሙላት? ያ ከሲታ? በምኑ መታህ?

ደመላሽ፦ ቤት መትቶ ነዋ። ሠርገኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሙሽሪት ሳትቀር እየሰማች። እሱ በግጥም መታኝ፣ እኔ በዱላ መታሁት። ተቻቻልን።

ደብሪቱ፦ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሥራውን ሲያስተምረኝ ምን ይለኝ ነበር መሰለህ። መሰንቆም ይመታል፣ ግጥምም ቤት ይመታል፣ ከበሮም ይመታል፣ የደም ሥርም ይመታል። የመጨረሻው ሲቆም ግን ሌሎቹ ሁሉ ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ አንቺ እሱን ብቻ ጠብቂ ይለኝ ነበር።

ደመላሽ፦ የአባትሽን ጨዋታ ለበሽተኛሽ አጫውቺው። እኔ ላይ የደረሰውን አልሰማሽም መሰለኝ።

ደብሪቱ፦ ንገረኝ እስቲ።

ደመላሽ፦ ጓዳ ነበርሽ እኮ። ወጥ ስታወጪ አይቼሻለሁ።

ደብሪቱ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ደመላሽ፦ ሽማግሎቹ ከአባቴ ገዳይ ከአያ ጀምበሩ ጋር ባንድ ገበታ አስቀመጡን። ዓምና መስቀል ስመን ታርቀን የለ? ሰው ይይልን፣ ዕርቁ ይጥና አሉ። አያ ጀምበሩም እንደ አባት ሆኖ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። እኔም ጎረስሁ። ምን ላድርግ? ጉርሻ አይመለስ። ገና ሳልውጠው ሙላት ከጓዳው በር ብቅ አለና መሰንቆውን ገዝግዞ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ደመላሽ ይሉታል ስም ብቻ ሲጣፍጥ፣
ያባቱን ደም በላው በጉርሻ ሲያላምጥ» አለ።

ደብሪቱ፦ በቃልህ ይዘኸዋል።

ደመላሽ፦ አገር ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዛሬ ጠዋት ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያዜሙት ሰማሁ። ሳቁ እኮ እማዬ። ሽማግሎቹ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ጀምበሩ ብቻ አልሳቀም። ያ ጉርሻ እስካሁን አልወረደልኝም።

ደብሪቱ፦ ከዚያ ተነሣህ።

ደመላሽ፦ ተነሣሁ። ማን ነው የሰጠህ አልሁት።

ደብሪቱ፦ ግጥሙ የሱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበርና።

ደመላሽ፦ ማን የማያውቅ አለ? ሰው «ተቀበል» ብሎ ይሰጠዋል፣ አዝማሪ ተቀብሎ ያዜመዋል። ሥራው ነው።

ደብሪቱ፦ ሥራው ከሆነ ሰውየውን ለምን ሰበርኸው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት አንተ ነህ።

ደመላሽ፦ አህያው ማን ነው ብለው አልነግርህም አለኝ። «ወንድሜ፣ አዝማሪ የሰጠውን ሰው ስም አያወጣም፤ እኔን ማረኝ፣ ግጥሙን እርሳው» አለ። እርሳው ይለኛል። አንጓው ላይ አንድ ጊዜ አሳረፍሁበት፤ መሰንቆውም እጁም አብረው ወደቁ። ማን ነው አልሁ። ዝም። ትንሿን ጣት ይዤ ወደ ኋላ አጠፍኋት። ማን ነው አልሁ። ዝም። ቀጥሎ ያለችውን ያዝሁ...

ደብሪቱ፦ ተው፣ በቃኝ።

ደመላሽ፦ ንገረኝ አላልሽም?

ደብሪቱ፦ የቀረውን ጣቶቹ ነግረውኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስዳስሳቸው ነው ያደርሁት። ሰው የሰበረው አጥንት ብዙ ነክቻለሁ፤ ፈረስ የጣለው፣ ገደል የከተተው፣ ባል የደበደባት። የልጄን እጅ በሰው አጥንት ላይ ስነካ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ደመላሽ፦ ለሱ ሆድሽ ባባ፤ ለኔስ?

ደብሪቱ፦ ላንተማ ዕድሜዬን ሙሉ ሳለቅስ ነው የኖርሁት።

ደመላሽ፦ እንግዲያው ለምን ዝም እንዳለ ንገሪኝ። ሰው ጣቱ ሲሰበር ለምን ዝም ይላል? ለጠላ ብሎ? ለሽልማት ብሎ? የጠየቅሁት አንድ ስም ብቻ ነበር።

ደብሪቱ፦ ያንን ስም ቢናገር ኖሮ ከዳሱ የሚወጣው ሙሽራ ሳይሆን ሬሳ ነበር። እሱ ይህን ያውቃል። አዝማሪ ሲሰክር ያዩት ሰዎች ሁሉ ሞኝ ይመስላቸዋል።

ደመላሽ፦ ሬሳ ካልሽማ አውቀሻል። ነግሮሻል።

ደብሪቱ፦ አልነገረኝም።

ደመላሽ፦ ሌሊቱን አብረሽው አደርሽ። በሽተኛ ሲቃዥ ይናገራል። ፊትሽን እያየሁት እኮ ነው፤ የምታውቂው ነገር አለ።

ደብሪቱ፦ አለ።

ደመላሽ፦ ጀምበሩ ነው።

ደብሪቱ፦ ዱላውን አስቀምጥ ብያለሁ።

ደመላሽ፦ እሱ ነው። ማን ሊሆን ይችላል? በአንድ እጁ ያጎርሰኛል፣ በሌላው ያሰድበኛል። አባቴን ድንበር ገፍቶ ገደለው፤ እኔን ደግሞ በገበታ ላይ። ያልሳቀው ለዚያ ነው። በራሱ ቀልድ የሚስቅ ሰው የለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ? ሞኙ እኔ ነኝ፤ መስቀል የሳምሁት።

ደብሪቱ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ በሽተኛው ይሰማል።

ደመላሽ፦ ይስማ። ስሚኝ እማዬ፣ እንስማማ። ክንዴን አይደል የፈለግሽው? እሰጥሻለሁ። ገብቼ ጠምጄ እይዝልሻለሁ፣ እንደ ድሮው። አንቺም አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ። ጀምበሩ ነው ትይኛለሽ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ደብሪቱ፦ ብልህ ምን ታደርጋለህ?

ደመላሽ፦ ምንሽሩ የተሰቀለበትን ታውቂያለሽ። ካስተማርሽኝ ዕለት ጀምሮ ስትፈልጊው የኖርሽውን ነው የማደርገው። በየፋሲካው የአባቴን ጋቢ ከሳጥን እያወጣሽ ደሙ የደረቀበትን ቦታ በጣቴ ያስነካሽኝ ለምን ነበር? እንዳየው ብቻ? ሌላው ልጅ ዶሮ ሲበላ እኔ ጋቢ ስነካ ያደግሁት ለምን ነበር?

ደብሪቱ፦ ልክ ነህ። ለዚያ ነበር።

ደመላሽ፦ በይ ደረሰልሽ። ደስ አይልሽም?

ደብሪቱ፦ ይለኛል። ልዋሽህ አልችልም፤ ደስ ይለኛል። ጀምበሩ በደጄ ሲያልፍ ሳሉን ስሰማ፣ በዚያው ትንፋሹ ይቆረጥ እያልሁ ነው የኖርሁ። ሽማግሎች ለዕርቅ ሲመጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አንተ ታረቅህ እንጂ እኔ አልታረቅሁም።

ደመላሽ፦ እኮ። አንድ ቃል ነው። በዪኝና ይለቅ።

ደብሪቱ፦ አንድ ቃል መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ቀላል ናት። «አዎ» ብል ከምሳ በፊት ያበቃል።

ደመላሽ፦ በይዋ።

ደብሪቱ፦ ከዚያ የጀምበሩ ልጆች ወደ አንተ ይመጣሉ። ከዚያ በሚስትህ ሆድ ያለው ልጅ ሲወለድ እሷም እንደኔ ስም ታወጣለታለች። ከዚያ እሷም ጋቢ ታስነካዋለች።

ደመላሽ፦ ስለ ሚስቴ አላወራሁም። ጀምበሩ ነው ወይስ አይደለም?

ደብሪቱ፦ አይደለም።

ደመላሽ፦ ትዋሺኛለሽ።

ደብሪቱ፦ ምነው በዋሸሁ። ለመዋሸት እንዲህ የጓጓሁበት ቀን የለም። ጀምበሩ አይደለም ልጄ። ሙላትን «ተቀበል» ያልሁት እኔ ነኝ።

ደመላሽ፦ ምን አልሽ?

ደብሪቱ፦ ሰምተኸኛል።

ደመላሽ፦ እኔን ለማቆም ነው። ጀምበሩን እንዳልገድል ብለሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ወጥ ላወጣ ብዬ የዳሱን ቅጠል ስገልጥ አየሁህ። የጀምበሩ እጅ አፍህ ውስጥ ነበር። አባትህ ሲወድቅ ዱላ ይዞ የነበረ እጅ፣ ጣቶቹን ልጄ ይልሳል። ዓይኔ ጨለመ። ሙላትን በጓዳ በር ጠቀስሁት፤ ጠላ የምሰጠው መስሎት መጣ። ተቀበል አልሁት። ሰምቶ ደነገጠ። «እመት ደብሪቱ፣ ይህች ግጥም ደም ታመጣለች፣ ሌላ ስጪኝ» አለኝ። ታምጣ አልሁት። ቤቴ የበላኸውን እንጀራ አስብ አልሁት። እንቢ እንዳይለኝ አድርጌ ነው የሰጠሁት።

ደመላሽ፦ እናቴ ነሽ እኮ አንቺ።

ደብሪቱ፦ ገበታውን ገልብጠህ በጀምበሩ ላይ ትነሣለህ ብዬ ነበር። በአዝማሪ ላይ ትነሣለህ ብዬ አላሰብሁም።

ደመላሽ፦ ጣቱን ስሰብር የት ነበርሽ?

ደብሪቱ፦ እዚያው።

ደመላሽ፦ ታዪ ነበር?

ደብሪቱ፦ አይ ነበር። እሱም ያየኝ ነበር። ትንሿን ስታጥፍ ዓይኑን ወደኔ አነሣ፤ አሁን ይናገራል አልሁ። አልተናገረም። ሁለተኛዋን ስትይዝ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ አትውጪ ማለቱ ነው። በናትህ ላይ ዱላ ታነሣ እንደሆነ ፈርቶ። አልወጣሁም። ቅጠሉን ለቅቄው ወደ ጓዳ ተመለስሁና ወጥ ማውጣቴን ቀጠልሁ። እጁን አንተ ብቻ አይደለህም የሰበርኸው።

ደመላሽ፦ ከደጁ ዞር በዪ።

ደብሪቱ፦ አልዞርም።

ደመላሽ፦ እማዬ ዞር በዪ ብያለሁ። እጄ አይታዘዘኝም አሁን። ልመታሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ምታ። የሚገባኝ ነው። ግራዬን ግን ምታው፤ ቀኙን ተውልኝ፣ ለዚያ ሰው ያስፈልገኛል።

ደመላሽ፦ ትቀልጃለሽ?

ደብሪቱ፦ ዓይኔን እየው፣ እቀልዳለሁ? ብቻ የምታደርገውን ቶሎ አድርግ። አንተ ደጅ ላይ ስትጮህ ውስጥ ያለው ምት እየቀረ ነው።

ደመላሽ፦ አንቺ በምን እንደ መታሽኝ ግን ታውቂያለሽ? በትናንቱ ግጥም መሰለሽ?

ደብሪቱ፦ በምን?

ደመላሽ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን መልአክ አላወጣውም፤ አንቺ ነሽ ያወጣሽው፣ እርጉዝ ሆነሽ፣ አባቴ ሳይቀበር። ቄስ ትምህርት ቤት ልጆቹ ምን ይሉኝ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ስድብ አልነበረም። ስሜን ብቻ ይጠሩኛል፣ ከዚያ «መቼ ነው የምትመልሰው?» ብለው ይስቃሉ። ሽማግሎች ሲመርቁኝ ስሜን ጠርተው ያፍራሉ። ሚስቴን ሊሰጡኝ ሲማከሩ የልጅቱ አባት «ይህ ስም ላለበት ቤት ልጄን አልድርም» ብሎ ዓመት አቆየኝ። ታርቄ ስመለስ፣ የሳምሁት መስቀል ሽታ ከከንፈሬ ሳይጠፋ፣ አንቺው በደጅሽ ቆመሽ በሙሉ ስሜ ጠራሽኝ። ያን ቀን ብዙ አልቅሻለሁ፤ አላየሽም።

ደብሪቱ፦ አላየሁም።

ደመላሽ፦ ሙላት አንድ ጊዜ ነው ያዜመው። አንቺ ከተወለድሁ ጀምሮ በየቀኑ ስታዜሚው ኖርሽ። «ደመላሽ ውኃ ቅዳ። ደመላሽ እንጀራ ብላ። ደመላሽ ተነሣ ነጋ።» ትናንት ጣቶቹን ስሰብር የማንን አፍ ልዘጋ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ደብሪቱ፦ ዱላው ከእጅህ ወደቀ።

ደመላሽ፦ ጣልሁት።

ደብሪቱ፦ ምን ላድርግልህ? ልለምንህ? እግርህ ላይ ልውደቅ?

ደመላሽ፦ አትውደቂ። ያንን ስም ከላዬ አንሺልኝ። ዳግመኛ በዚያ ስም ካልጠራሽኝ እይዝልሻለሁ። ጀምበሩም ይኑር፣ ሽበቱ ይብላው። እኔም ልኑር።

ደብሪቱ፦ አገሩ ሁሉ ይጠራሃል እኮ፤ የአገሩን አፍ በምን እይዘዋለሁ?

ደመላሽ፦ አገሩ የፈለገውን ይበል። እኔ ያንቺን ነው ያልሁት።

ደብሪቱ፦ ስማ፤ ማቃሰቱን ተወ። ሰማኸው?

ደመላሽ፦ ሲያየኝ ይደነግጣል።

ደብሪቱ፦ ይደንግጥ። ልብ ሲደነግጥ ደም ሥር ይመታል፤ ደግ ነው። ከዳነ በኋላ ይቅር ይልህ እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ ለኔም እንደዚሁ። አሁን ጎንበስ ብለህ ግባ። ከራስጌው ዙርና በብብቱ በኩል ጠምደህ ያዝልኝ፤ ሲጮህ እንዳትለቀው።

ደመላሽ፦ በማን ስም ልግባ?

ደብሪቱ፦ በክርስትና ስምህ። ግባ፣ ወልደ ሩፋኤል።